ማዊ (የሃዋይ ደሴት) ላይ መኪና ስትከራዩ፦ ጂፑን እርሱት፣ ኢንሹራንሱን ግን ከመሳፈራችሁ በፊት ጨርሱት

የመጣልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ለስፕሪንግ ብሬክ (የልጆቹ የጸደይ የትምህርት ቤት እረፍት) ከቨርጂኒያ ማዊ ለ7 ቀን ልንሄድ ነው፣ ኪሄይ የሚባል ሰፈር ኮንዶ ይዘናል። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ3 እና የ8 ዓመት ልጆቻችን፣ ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴም አለች። ጂፕ እንከራይ ወይስ ተራ መኪና? ካውንተር ላይ ኢንሹራንስ ካልገዛችሁ እያሉ ያጣብቃሉ ይባላል፣ እኛ ግን ባለቤቴ ኡበር ስለሚሰራ ፉል ካቨሬጅ አለን፣ ይበቃናል? ወደ ሃና ከተማ የሚወስደው ጠመዝማዛ መንገድስ እንደሚሉት ያስፈራል?»

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ለብቻዬ ሳቅኩ፣ ምክንያቱም «ያጣብቃሉ» ካልሻቸው ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ኤርፖርት ውስጥ መኪና አከራይ ድርጅት ካውንተር ጀርባ 8 ዓመት ቆሜያለሁ፣ አሁን ደግሞ ኢንሹራንስ ነው የምሸጠው፣ ማዊንም ሁለቴ ቤተሰብ ይዤ ሄጄበታለሁ፣ ስለዚህ ከሶስቱም ወገን የማውቀውን ልንገርሽ። ለቸኮለ ሰው መልሱ፦ ሚኒቫን ተከራዩ፣ ኢንሹራንሱን በዚህ ሳምንት ደውላችሁ አጣሩ፣ የሃና መንገድ አያስፈራም ግን ያደክማል።

ከኢንሹራንሱ ልጀምር፣ ገንዘብ የሚፈሰው እዛ ጋ ነው። ከናንተ ጋ ማዊ ቀጥታ በረራ የለም፣ መሀል ላይ ትቀይራላችሁ፣ ካሁሉይ ኤርፖርት ምሽት 2 ሰዓት ላይ ብትደርሱ በናንተ ሰውነት ሌሊት 8 ሰዓት ነው (በሐበሻ ሰዓት ነው የማወራው፣ እስከመጨረሻው እንደዛ ያዢልኝ)። ትንሹ ትከሻሽ ላይ ተኝቷል፣ ትልቁ ሽንት ቤት ይላል፣ እናትሽ ሻንጣ ላይ ተቀምጠዋል፣ ከፊታችሁ ሰልፍ አለ። ካውንተሩ ጋ ስትደርሺ እዛ የሚሰራው ልጅ ፈገግ ብሎ «ፉል ፕሮቴክሽኑን ላድርግልሽ አይደል፣ ደሴቱ ላይ መንገዱ ጠባብ ነው» ይልሻል፣ እሺ ያልሽ ቀን በቀን ከ20 እስከ 40 ዶላር፣ ጨማምሮ ከወሰድሽ ደግሞ ከዛም በላይ ይደርሳል። እኔም እንደዛ ነበር የምለው፣ ኮሚሽን ነበረኝ እኮ፣ በዛ ሰዓት የደረሰ ቤተሰብ ደግሞ እምቢ አይልም፣ መተኛት ነው የሚፈልገው። ውሳኔውን እዛ ሳይሆን ቤትሽ ሶፋ ላይ ሆነሽ ጨርሺው የምልሽ ለዚህ ነው።

ካውንተር ላይ የሚሸጥልሽ ዋናው ነገር ኤልዲደብሊው የሚባለው ነው፣ አንዳንዱ ሲዲደብሊው ይለዋል። በትክክል ኢንሹራንስ አይደለም፣ ድርጅቱ «መኪናዬ ቢጎዳ ወይ ቢሰረቅ ገንዘብ አልጠይቅሽም» ብሎ የሚገባልሽ ቃል ነው፣ ቃሉ ደግሞ ኮንትራቱን እስካከበርሽ ድረስ ብቻ ነው የሚሰራው። ሌላው ደግሞ፣ ሰው ወይ የሰው መኪና ብትገጩ የሚከፍለው ተጨማሪ ላያቢሊቲ ነው፣ እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ። ከዛ የሰውና የእቃ መድን ምናምን ይመጣል፣ እነዚህን የጤና ኢንሹራንስ ያለው ሰው በአብዛኛው አይፈልጋቸውም፣ ከመኪና ውስጥ የተሰረቀ እቃም ቢሆን የቤት ወይ የኪራይ ቤት ኢንሹራንስ ካላችሁ ብዙ ጊዜ እሱ ይሸፍነዋል።

አሁን «ፉል ካቨሬጅ አለን» ወዳልሽው ልምጣ። ፉል ካቨሬጅ የሚባል ነገር ፖሊሲ ወረቀት ላይ ተጽፎ አታገኚም፣ የአፍ አነጋገር ነው። ሰው እንደዛ ሲለኝ ወረቀቱን አምጣ ነው የምለው፣ ማየት ያለብሽ ኮሊዥን (የግጭት ጉዳት) እና ኮምፕሪሄንሲቭ (ስርቆት፣ እሳትና የመሳሰለው) የሚሉት ሁለቱ ቃላት አሉ ወይስ የሉም የሚለውን ነው። ካሉ፣ የግል ፖሊሲ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ለሽርሽር የተከራያችሁትን መኪናም ይከተላል፣ ሃዋይም ስቴት ስለሆነ ይጨምራል፣ ዲዳክቲብላችሁ (መጀመሪያ ከኪሳችሁ የምትከፍሉት) እንዳለ ሆኖ። ላያቢሊቲ ብቻ ከሆነ ግን የሌላውን ሰው ይከፍላል እንጂ የተከራያችሁት መኪና ላይ ለደረሰው አንድ ሳንቲም አያወጣም። የባለቤትሽ ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ኡበር የሚሰጠው ሽፋን አፑ ሲከፈት ብቻ ነው የሚሰራው፣ ለቬኬሽን መኪና ምንም አይጠቅምም። የግል ፖሊሲ ላይ የራይድሼር (እንደ ኡበር ላለ ስራ የሚሆን) ማሟያ ጨምሮ ከሆነ ብዙም ችግር የለም፣ ግን እንደ ታክሲና ሊሞ የንግድ ፖሊሲ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ያቺን አንዷን መኪና ብቻ ነው የሚያውቃት፣ የኪራይ መኪና ላይ ስትወጡ ባዶ እጃችሁን ናችሁ። ወገኖቻችን በብዛት የሚጎዱት እዚህች ጋ ነው፣ በወር 300 እና 400 ዶላር እየከፈሉ «እኔማ ኢንሹራንሴ ከባድ ነው» ብለው ይሄዳሉ፣ ከባድነቱ ግን ሌላ ቦታ ነው።

ስለዚህ ስትደውሉ «ሃዋይ ላይ የምከራየውን መኪና ይሸፍናል?» ብቻ ብላችሁ አትዝጉት፣ መኪናው ጋራዥ ሲቆም ድርጅቱ ያጣሁት ገቢ ብሎ የሚጠይቀውን ትከፍላላችሁ ወይ፣ ከተሰራ በኋላ ዋጋው ወርዷል ብሎ የሚጠይቀውንስ፣ የአስተዳደር ክፍያ የሚለውንስ በሉ። ከመኪናው ጉዳት ይልቅ እነዚህ ሶስቱ ናቸው ሰውን ሲያስለቅሱ ያየሁት፣ የ600 ዶላር ፓራውልት በነሱ ምክንያት 1,500 ሆኖ ይመጣል። መልሱን በኢሜይል አስልኳቸው፣ ስልክ ላይ የተባለ ነገር አየር ነው።

ክሬዲት ካርድስ? ጥሩ ነው ግን አሰራሩን ማወቅ ይጠይቃል። ብዙዎቹ ካርዶች ሰከንደሪ ናቸው፣ መጀመሪያ የናንተ ኢንሹራንስ ይከፍላል፣ ካርዱ ዲዳክቲብሉንና የቀረውን ይሞላል። እንደ ቼዝ ሳፋየር ያሉት ደግሞ ፕራይመሪ ናቸው፣ የናንተን ኢንሹራንስ ሳይነኩ በቀጥታ ይከፍላሉ። ሽፋኑ እንዲሰራ ኪራዩን በሙሉ በዛው ካርድ መክፈል፣ ባለካርዱ ራሱ ዋና ተከራይ መሆን፣ ካውንተር ላይ ኤልዲደብሊውውን አልፈልግም ማለት ግድ ነው፣ አንዱን ካጎደላችሁ የለም። ላያቢሊቲ ደግሞ በጭራሽ አይሸፍንም። ከቱሮ (ሰዎች የግል መኪናቸውን የሚያከራዩበት አፕ) ላይ የምትከራዩትን መኪናም ብዙ ካርዶች አይቀበሉም፣ ቱሮ ርካሽ ነው ብላችሁ ብታስቡ ይሄንን ሂሳብ ውስጥ አስገቡት። የኔ ፍርድ፦ ኮሊዥን ያለው የግል ፖሊሲና አንድ ደህና ካርድ ካላችሁ አልፈልግም በሉ፣ ወገባችሁን አጥብቃችሁ። ኮሊዥን ከሌላችሁና ካርዱም ፕራይመሪ ካልሆነ ግን 200 ምናምን ዶላሩን ከፍላችሁ እንቅልፋችሁን ተኙ፣ በዚህ አላፍርም፣ ለዘመዶቼም የምለው ይሄንኑ ነው።

ሌላ አንድ ነገር፣ የሚነዳ ሰው ሁሉ ስሙ ኮንትራቱ ላይ ይግባ። ካውንተር ላይ ሳለሁ የማልረሳው አንድ ባልና ሚስት አሉ፣ ኮንትራቱ በባል ስም ብቻ ነው፣ ሚስትየዋ ለልጁ ወተት ልትገዛ ከሆቴሉ 5 ደቂቃ ነድታ ሄደች፣ ስትወጣ ከግንብ ጋር ተላተመች። ኤልዲደብሊውውን ገዝተው ነበር እኮ፣ ሙሉውን ከፍለዋል፣ ግን ስሟ ስለሌለ ዋጋ አልነበረውም፣ ሂሳቡ በሙሉ እነሱ ላይ ወደቀ። ብዙ ድርጅቶች ለትዳር ጓደኛ ተጨማሪ አያስከፍሉም፣ ጠይቁ፣ ቢያስከፍሉም ክፈሉ።

ወደ መኪናው። የጂፕ ነገር የፎቶ ነገር ነው። ማዊ ላይ ስትደርሱ ግማሹ ቱሪስት ጣሪያው ሸራ የሆነ ጂፕ ይዞ ታያላችሁ፣ መንገዱ ግን እስከ ሃና ድረስ አስፋልት ነው፣ ፎር ዊል የሚጠይቅ ነገር የለውም፣ ፎር ዊል የሚጠይቀው መንገድ ላይ ደግሞ ኮንትራቱ እንድትሄዱ አይፈቅድም። ሸራ ጣሪያ በምላጭ ይቀደዳል፣ የሚቆለፍ የኋላ ኮፈን የለውም፣ ዝናብ ሲመጣ ጣሪያውን እስክትመልሱ ልጆቹ ይበሰብሳሉ፣ የ3 ዓመት ልጅ በዛ ንፋስና ጩኸት ውስጥ እንቅልፍ አይወስደውም። ከሁሉ በላይ ግን ሂሳቡን ስሪው፦ አምስት ናችሁ። ባለቤትሽ ይነዳል፣ እናትሽ መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ፊት መቀመጥ አለባቸው፣ አንቺ ከኋላ በካር ሲት (የትንሹ ወንበር) እና በቡስተር (ትልቁን ከፍ የሚያደርገው መቀመጫ) መሀል ትጣበቂያለሽ። ተራ መኪና ላይ ሁለት ወንበር አስገብተሽ መሀሉ ላይ የሚተርፍሽ ቦታ የአንድ እጅ ያህል ነው፣ 3 ሰዓት እንደዛ ሂጂ እስቲ። ሶስት ረድፍ ያለው ኤስዩቪ ብትሉ ደግሞ ሶስተኛው ረድፍ ሲነሳ ሻንጣ አይገባም። ሚኒቫን አያምርም፣ ግን ተንሸራታች በሩ ብቻ ለዛ ደሴት ጠባብ ፓርኪንግ የተሰራ ነው የሚመስለው።

የልጆቹን ወንበር ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። የአሜሪካ አየር መንገዶች ካር ሲት በነጻ ይጭናሉ፣ አከራዩ ጋ ግን በየቀኑ ይከፈልበታል፣ ምን አይነት እንደሚሰጡሽም አታውቂም፣ የተበጣጠሰ ሰጥቻለሁ እኔ ራሴ፣ ሌላ አልነበረኝማ። ደግሞ ቨርጂኒያ ላይ 8 ዓመት የሞላው ልጅ ከቡስተር ይወጣል፣ ስለዚህ የትልቁን ጥላችሁት ይሆናል። ሃዋይ ላይ ከ4 ዓመት ጀምሮ 10 እስኪሞላው ቡስተር ግዴታ ነው፣ ቁመቱ 4 ጫማ ከ9 ኢንች ካላለፈ በስተቀር። መልሳችሁ ግዙ፣ 20 ዶላር ምናምን ነው።

ዋጋውን በተመለከተ አጭር ነገር፣ በስፕሪንግ ብሬክ መኪና ያልቃል፣ ዛሬ ያዙ። ቅድሚያ ክፍያ የማይጠይቀውን ሪዘርቬሽን ውሰዱ፣ ብዙውን ጊዜ ያለ ቅጣት ይሰረዛል፣ ከዛ በየሳምንቱ እያያችሁ ሲወርድ አዲስ ይዛችሁ የድሮውን ሰርዙ። በ2020 ድርጅቶቹ መኪናቸውን ሸጠው በ2021 ሰው ሁሉ ባንዴ ሲመጣ መኪና ጠፍቶ ሃዋይ ላይ ቱሪስቱ የእቃ ማጓጓዣ ትራክ ተከራይቶ ባህር ዳር ሲሄድ ነበር፣ አሁን እንደዛ አይደለም ግን ትምህርቱ ያው ነው። የምታዩት ዋጋ ላይ የስቴቱ ሰርቻርጅ (ተጨማሪ ክፍያ) በ2025 በቀን 7 ዶላር ነበር፣ እስከ 2027 ድረስ ደግሞ በየዓመቱ 50 ሳንቲም ይጨምራል፣ የኤርፖርቱ የመኪና ህንጻ ክፍያ በቀን 4 ዶላር ከ50 ነው፣ ሁለቱ ብቻ ለ7 ቀን ከ80 ዶላር በላይ ናቸው። ካውንተር ላይ የቶል መክፈያ ካቀረቡላችሁ ሳቁና እለፉ፣ ሃዋይ ውስጥ ቶል የሚያስከፍል መንገድ የለም። ቀድሞ የሚከፈል ነዳጅም አትግዙ።

መኪናውን ስትረከቡ ደክሟችኋል አውቃለሁ፣ ግን 3 ደቂቃ ስጡት። ስልክሽን አውጪና ቪዲዮ እያነሳሽ ዙሪያውን ዙሪ፣ ከፊት ፓራውልት ጀምረሽ፣ በሮቹን፣ ስፖኪዮውን፣ አራቱንም ቸርኬ ጎንበስ ብለሽ፣ መስታወቱን በጎን እያየሽ፣ ጣሪያውን እጅሽን ሰቅለሽ፣ መጨረሻ ላይ ነዳጁንና ማይሉን። መብራቱ ደብዛዛ ከሆነ የስልኩን መብራት አብሪ፣ ጭረት በጎን ብርሃን ነው የሚታየው። ይሄን የምልሽ እኔ ራሴ፣ የሙያው ሰው፣ ከአንድ ድርጅት መኪና መልሼ ከ5 ሳምንት በኋላ የኋላ ቀኝ ቸርኬ ተፍቋል ተብሎ 380 ዶላር ስለተላከብኝ ነው። ቪዲዮው ላይ ስረከበው ያቺው ጭረት ቁጭ ብላለች፣ ላክሁላቸው፣ በሁለት ቀን ፋይሉ ተዘጋ። ቪዲዮው ባይኖር እከፍል ነበር፣ ካውንተር ጀርባ ስለነበርኩ አውቀዋለሁ፣ ጭረቱ «ነበር» ያለ ደንበኛ ሁሉ «አልነበረም» ይባላል።

እሺ፣ ሃና። ከካሁሉይ 52 ማይል ነው፣ ወደ 84 ኪሎሜትር፣ ማይሉን አይተሽ አንድ ሰዓት እንዳትይ፣ ምንም ሳትቆሙ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ይፈጃል። 620 ያህል ኩርባ፣ 59 ድልድይ አለው፣ ከድልድዮቹ 46ቱ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፉ ናቸው። መንገዱ ለመኪና የተከፈተው በ1926 ነው፣ ድልድዮቹም ብዙዎቹ የዛ ዘመን ናቸው፣ ስፋታቸውም የዛ ዘመን መኪና ነው። ሊማሊሞን የወጣ ሰው ኩርባው ብርቅ አይሆንበትም፣ ልዩነቱ ገደሉ በጫካ ስለተሸፈነ አይታይም፣ ባለቤትሽ ሹፌር ስለሆነ መንዳቱ አያሳስበኝም፣ የሚያሳስበኝ የኋላ ወንበሩ ነው። እማማ ሎሚ ይያዙ፣ ልጆቹ ስክሪን አያዩ፣ ፌስታል እጅሽ ላይ ይሁን፣ ቁርስ ቀለል ያለ። የማቅለሽለሽ ኪኒን ለሹፌሩ እንዳትሰጪ፣ እንቅልፍ የሚያመጣ አለው።

ድልድዩ ጋ ምን እንደሚደረግ ልንገርሽ፣ ብዙ ሰው እዛ ጋ ነው የሚደናገረው። ኩርባውን ታጠፋላችሁ፣ ከፊት ጠባብ የሲሚንቶ ድልድይ፣ በቀኝ ፏፏቴ፣ መሬት ላይ ነጭ መስመር። ከወዲያ ማዶ መኪና እየተሻገረ ከሆነ መስመሩ ጋ ቁሙ፣ አትጠጉት። እዛ ያለው ልማድ አንድ በአንድ መፈራረቅ አይደለም፣ ከአንድ ወገን የመጣው ረድፍ 5፣ 6፣ 7 መኪና ተከታትሎ ያልፋል፣ ከዛ ወዲህ ያለው ይሄዳል። ስለዚህ ከፊታችሁ ያለው መኪና ሲገባ ተከትላችሁት ግቡ፣ ስምንተኛ ከሆናችሁ ግን ቁሙና ለዛኛው ወገን ልቀቁ። ስታልፉ ያሳለፋችሁን ሰው አውራ ጣትና ትንሿን ጣት ዘርግታችሁ ሰላም በሉት፣ ሻካ ይሉታል፣ ልጆቹ በሁለተኛው ድልድይ ላይ ይለምዱታል፣ የኔዎቹ ቤት ከተመለስን በኋላም በረንዳ ላይ ቆመው ለፖስታ ቤቱ ሰውዬ ሲያሳዩት ነበር። ክላክስ አይነፋም፣ ከኩርባ በፊት አለሁ ለማለት ካልሆነ በቀር፣ ደሴቱ ላይ ክላክስ ስድብ ነው።

ከኋላችሁ ፒክአፕ ከተለጠፈ አትናደዱ፣ ሃና የሚኖር ሰው ነው፣ ስራ ሊሄድ ነው ወይ ከሆስፒታል እየተመለሰ ነው፣ ሰፋ ያለ ቦታ ስታገኙ ጠጋ ብላችሁ አሳልፉት። እናንተ የምታዩት ፏፏቴ ለሱ በየቀኑ የሚያልፍበት ነው። ፓርኪንግ ክልክል የሚል ምልክት ያለበት ቦታ ደግሞ «ለአንድ ደቂቃ ፎቶ» ብላችሁ እንዳትቆሙ፣ ቅጣቱ 235 ዶላር ነው፣ ቲኬቱ በኪራይ ድርጅቱ በኩል ሲመጣ የድርጅቱ ክፍያም ይጨመርበታል።

በጠዋት ውጡ፣ 12 ሰዓት ላይ ፓኢያ ከተማን ብታልፉ ደስ ይለኛል፣ ታንኩን ሞልታችሁ፣ ምክንያቱም ከዛ በኋላ ሃና እስክትደርሱ ማደያ የለም። ካርታውንም ቀድማችሁ ስልክ ላይ አውርዱ፣ አብዛኛው መንገድ ኔትወርክ የለውም። ዋይአናፓናፓ የሚባለው ጥቁር አሸዋ ያለው ባህር ዳር ማይል 32 ላይ ነው፣ እሱ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ከ2021 ጀምሮ ግን ከሃዋይ ውጭ ለመጣ ሰው ቀድሞ ካልተያዘ አይገባም፣ በር ላይ ሄዶ ልክፈል ማለት የለም። ለአንድ ሰው 5 ዶላር፣ ለመኪናው 10 ዶላር፣ የ3 ዓመቱ በነጻ ስለሆነ ለናንተ 30 ዶላር ነው፣ የሰዓት ምድብ ስላለው ስትመርጡ የመንገዱን 3 ሰዓት አስቡበት። ከሃና 10 ማይል አለፍ ብሎ ኪፓሁሉ የሚባል ቦታ አለ፣ ሀሌአካላ የሚባለው ትልቅ ተራራ ፓርክ አካል ነው፣ አጠገቡ ባለች ትንሽ ቤተክርስቲያን ግቢ ውስጥ በ1927 አትላንቲክን ብቻውን በአውሮፕላን የተሻገረው ቻርልስ ሊንድበርግ ተቀብሯል፣ ታሪክ ለሚወድ ሰው።

ከኪፓሁሉ ወዲያ መንገዱ በደቡብ ዞሮ ይመልሳል፣ ካርታው ላይ አጭር ይመስላል፣ ዙሩን እንጨርስ የሚል ሀሳብ ይመጣል። አስፋልት የሌለው ቦታ አለው፣ ኮንትራታችሁ ላይ ደግሞ አስፋልት የሌለው መንገድ ክልክል ነው የሚል መስመር የማይጠፋ ነገር ነው፣ እዛ ጎማ ቢፈነዳ ወይ ብትገጩ ኤልዲደብሊውም ካርድም ጀርባቸውን ይሰጣሉ፣ መጎተቻውንም ከኪሳችሁ ነው። አምስት ሰው ይዞ አያስኬድም፣ በመጣችሁበት ተመለሱ። ፀሐይ በዛ ወቅት ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች፣ መብራት የሌለው መንገድ ነው፣ ከሃና 9 ሰዓት ላይ ብትነሱ ጥሩ ነው።

መጋቢት ገና የዝናብ ወቅት ነው። ፀሐይ እየሞቃችሁ እያለ ተራራው ላይ ሊዘንብ ይችላል፣ ጅረቱ ባንዴ ቡናማ ሲሆን ወይ ቅጠልና እንጨት ሲያመጣ ልጆቹን ከውሃው አውጡ፣ ጎርፍ እየመጣ ነው። ውሃ ድልድይ ላይ እየፈሰሰ ከሆነ አትግቡበት፣ ብዙ ጊዜ ከአንድና ሁለት ሰዓት በኋላ ይጎድላል፣ ቁሙና ጠብቁ።

ሀሌአካላ ላይ ከባህር ወለል ተነስታችሁ በ38 ማይል ውስጥ 3,055 ሜትር ትወጣላችሁ። ፀሐይ ስትወጣ ለማየት ከፈለጋችሁ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ለሚገባ መኪና ቀድሞ ቦታ መያዝ ግዴታ ነው፣ ለመኪናው 1 ዶላር፣ ከዛ ውጭ የፓርኩ መግቢያ 30 ዶላር፣ ለ3 ቀን ይሰራል፣ ኪፓሁሉንም ያስገባችኋል፣ ስለዚህ ሁለቱን በ3 ቀን ውስጥ አድርጉት። የኔ ሀሳብ ግን ልጆቹን ሌሊት ቀስቅሶ ከማልቀስ ፀሐይ ስትጠልቅ ሂዱ፣ ቦታ መያዝ አይጠይቅም፣ ውበቱ ያው ነው። ጃኬት ያዙ፣ ላይኛው ጫፍ ከዜሮ በታች የሚወርድበት ቀን አለ። በከፍታው የምትደክሙት እናንተ ናችሁ፣ እማማ ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነ ከተማ ነው የመጡት፣ ምንም አይሉም። ውሃ ውስጥ ዳይቪንግ የሚሰራ ካለ ግን ባደረገ በ24 ሰዓት ውስጥ እዛ እንዳይወጣ፣ አውሮፕላን እንደመሳፈር ነው።

ስትወርዱ ዝቅተኛ ማርሽ አስገቡ። አባይ በረሃ ላይ የከባድ መኪና ፍሬን ሲቃጠል የሸተታችሁ ሽታ ያው እዛም አለ፣ ቱሪስቱ ፍሬን ላይ ተኝቶ ይወርዳል፣ ታች ሲደርስ ጎማው ይጨሳል። ቀስ በሉ፣ መንገዱ ላይ ላም ይወጣል፣ ኔኔ የሚባል ዝይም አለ፣ ከሃዋይ ውጭ የማይገኝ ቁጥሩ ያነሰ ወፍ ነው፣ በመኪና ነው የሚያልቀው።

ወደ ምዕራብ፣ ወደ ላሃይናና ካአናፓሊ፣ በባህሩ ዳር የሚወስደው በቂ መንገድ አንድ ነው፣ አደጋ ከተፈጠረ ሰዓታት ይዘጋል፣ ሌላ መዞሪያ የለም ማለት ይቻላል፣ በሰሜን የሚዞረው ጠባቡ ገደል አይመከርም። ከታህሳስ እስከ ሚያዝያ ዓሳ ነባሪዎች ከመንገዱ ይታያሉ፣ ከፊታችሁ ያለው ሹፌር ባህሩን እያየ ፍሬን ሊረግጥ ስለሚችል ርቀት ጠብቁ፣ ማየት ከፈለጋችሁ መቆሚያው ላይ ገብታችሁ ቁሙ። ላሃይና በነሐሴ 2023 እሳት ከ100 በላይ ሰው የሞተባት ከተማ ናት፣ በተቃጠለው ሰፈር መኪና እያዘገማችሁ ፎቶ አታንሱ፣ ለቅሶ ቤት ነው።

የመኪና ሌባ ማዊ ላይ አለ፣ ሰው አይነካም፣ መስታወት ነው የሚሰብረው፣ በተለይ ፏፏቴና ባህር ዳር ፓርኪንግ ላይ። ወንበር ላይ ምንም አትተዉ፣ ቦርሳ ወደኋላ የምታስገቡ ከሆነ ከመድረሳችሁ በፊት አስገቡ፣ ደርሳችሁ ኮፈን ከፍታችሁ ስትጭኑ የሚያያችሁ ሰው ሊኖር ይችላል። የእናትሽ ፓስፖርት ኮንዶው ውስጥ ይቆይ።

በመመለሻው ቀን ካሁሉይ ኤርፖርት አጠገብ ኮስትኮ አለ፣ ካርድ ካላችሁ ነዳጁ ደሴቱ ላይ ከሚገኘው ይረክሳል፣ ሰልፉ ግን ረጅም ነው፣ ግማሽ ሰዓት መድቡለት። መኪናዎቹ ሁሉ የሚመለሱበት ህንጻ በ2019 የተከፈተው ነው፣ ከዛ ወደ ተርሚናል ትንሽ ትራም ይወስዳችኋል። ባለቤትሽ ልጆቹንና ሻንጣውን እዛው ያውርድ፣ አንቺ ያቺን ቪዲዮ እንደገና ዙሪና አንሺ፣ የነዳጁን ማሳያ ጨምረሽ፣ ከዛ ተቀባዩ የተዘጋውን ደረሰኝ ሳይልክልሽ ከቦታው አትነሺ፣ ቪዲዮዎቹንም ቢያንስ ለሁለት ወር ስልክሽ ላይ አቆይያቸው።